አራት ሴንቲሜትር ለስፌት

የሰው ልጅ ከሁለት ይከፈላል፦ በስልኩ የቤት ዕቃ የሚያዝና የታዘዘውን ዕቃ ተሸክሞ የሚያስገባ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። የመጀመሪያው ወገን ግን በየቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አይታጣም። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛችሁ፣ ስማችሁ ሊጠራ አንድ ሰው ሲቀር፣ በክርኑ ጎሸም አድርጎ ስልኩን አፍንጫችሁ ሥር የሚደቅን ሰው አታውቁም? "እስቲ ይሄን መደርደሪያ እየው! እንዴት ያምራል!" የሚል? ካላወቃችሁ ራሳችሁን መርምሩ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት ተረኛ ታላቅ እህቴ ናት። ፊት ለፊት "እትዬ" እላታለሁ። ከኋላዋ ግን ማዕረጓ ክብርት የግዢ ሚኒስትር ነው። ሹመቱን የሰጣት የለም፤ ሊሽራት የሚደፍርም የለም። ክብርትነታቸው አንዴ ስልክ ከከፈቱ የሚያስቆማቸው የባትሪ ማለቅ ብቻ ነው፤ ለዚያም ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ቻርጀር አለ።

ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ሠላሳ ዓመት ሰፍታለች። ሐኪም ማዳመጫውን እንደሚያንጠለጥል እሷም ቢጫ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው፤ ገበያም ትሂድ፣ ባንክም ትሂድ፣ ሜትሩ አይወርድም። ሰው የሱቋን በር ከፍቶ ሲገባ ገና ሰላም ሳትለው የወገቡን ልክ ታውቃለች። አንዷ ደንበኛ "እኔ እኮ ሰማንያ ስምንት ነኝ" ብላ ድርቅ ካለች፣ እትዬ "እሺ የኔ እመቤት" ትልና ዘጠና ሁለት ብላ ትጽፋለች። እዚያ ላይ ደግሞ ትንሽ ትጨምርበታለች። "ትንሽ ይተውለት!" የዘወትር ቃሏ ነው። ለስፌት ይተው፣ ለእጥፋት ይተው፣ ሰው ነውና ቢወፍርም ይተው። እስከ ዛሬ ከእጇ የወጣ ልብስ ጠበበኝ ብሎ የመጣ የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ወደ ስልክ ግዢ ያስገባት አናጺው ጎረቤቴ ነው። ይህ አናጺ እጁ ወርቅ ነው፤ ቀኑ ግን አይታወቅም። የሱቋን የጨርቅ መደርደሪያ ሊሠራላት ተስማማና "ማክሰኞ ይደርሳል" አላት። ማክሰኞ ደረሰ፣ መደርደሪያው አልደረሰም። ሄዳ ስትጮህበት ምስማሩን ከአፉ ሳያወጣ "ማክሰኞ አልኩሽ እኮ" ይላታል። እውነቱን ነው፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልተናገረም። በስምንተኛው ማክሰኞ ስልኳን ከፍታ "በሦስት ቀን ቤትዎ ድረስ" የሚል ሱቅ አገኘች። በዚያን ዕለት አናጺው ደንበኛውን አጣ፤ እኔ ደግሞ ወገቤን።

አባባ ባይመጡ ነገሩ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር።

አባታችን ሠላሳ አምስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ሲቆሙ በር ይሞላሉ፤ ሲናገሩ ከሦስተኛው ቤት ይሰማሉ። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ "ደረጃ የሚባል ነገር እርም ይበሉ" ስላላቸው የራሳቸው ቤት ቀረ። የእትዬ ቤትም ከሱቋ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነውና ቀረ። የተረፈው የእኔ ምድር ቤት ነው። ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር፤ ነገር ግን የጠየቀኝ የለም።

ችግሩ፣ የእኔ ቤት ቤት አልነበረም። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ብቻዬን ነው። ንብረቴ አልጋ፣ መጻፊያ ጠረጴዛ፣ ጎማ ያለው የቢሮ ወንበርና አንድ ወዳጄ ቤት ሲለቅ የጣለብኝ ሶፋ ነበር። ሶፋው የተቀመጠበትን ሰው ይውጣል። አባባ በመጡበት ዕለት እሱ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ፣ ዜና ሰሙ፣ ዜና አንባቢውን ተሳደቡ። ከዚያ ሊነሱ ሲሉ አልተነሱም። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ብብታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል "እጅህን ሰብስብ!" አሉኝ። በሦስተኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አነሳኋቸው። በልጅነቴ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ያስቀምጡኝ የነበሩትን ሰው እንደ ከረጢት ጎትቼ አነሳኋቸው። አላዩኝም። እኔም አላየኋቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ሳሎን ውስጥ አልቀመጥም አሉ። መስኮቱ ጋ ቆመው ይበላሉ፣ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፣ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ። ስልካቸውም እዚያው መስኮቱ ደፍ ላይ ነው የምትውለው። ድሮ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ትኬት ቆራጭ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ ሦስቴ ጠርቶ ካልተነሳ ይዘጉና በማግስቱ ጠብ ነው። አባባ ሲደክማቸው ከነአልጋዬ የለቀቅኩላቸው ትልቁ መኝታ ቤት ገብተው ይጋደማሉ፤ የአልጋው ራስጌ ብረት ስለሆነ እሱን ይዘው ብቻቸውን ይነሳሉ። "አባባ፣ ትንሽ አረፍ አይሉም?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦

"ሠላሳ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ይበቃኛል።"

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። እትዬንና እኔን ለብቻችን ጠርቶ፣ በቀን ደጋግመው መቀመጥና መነሳት ካልጀመሩ ጉልበታቸው እንደ ደረቀ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ መኖር ነው አለን። እሳቸው! የሰው እጅ ብብታቸውን ሲነካ ግድግዳ የሚያዩት ሰውዬ! እትዬ ኮሪደሩ ላይ በሜትሯ ጫፍ ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"ብቻቸውን የሚነሱበት ወንበር አገኛለሁ" አለች። "ባላገኝ እህትህ አይደለሁም።"

"አናጺውን ብንጠይቀውስ..." ማለት ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ያዝኩ።

የመጀመሪያው ወንበር በሦስት ቀን ይመጣል ተብሎ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ያመጣው ዕቃ አድራሽ እኛ ቤት አቶ ደርሻለሁ ነው የሚባለው፤ ምክንያቱም ስልክ ደውሎ "ደርሻለሁ!" ካለ በኋላ ፂም ተላጭቶ፣ ልብስ አጥቦ፣ ልብሱም እስኪደርቅ መጠበቅ ይቻላል። ያን ዕለት አቶ ደርሻለሁ ካርቶኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲመጣ ሳየው ተጠራጠርኩ። ወንበር በብብት አይመጣም። ስንከፍተው የተወለወለ፣ መደገፊያው የተቀረጸ፣ ክንዱ የተጠማዘዘ፣ ሲበዛ የሚያምር ወንበር ነው፤ ከፍታው አንድ ስንዝር። የአሻንጉሊት ነው።

እትዬ ለሻጯ እሳት የጎረሰ መልእክት ጻፈች። ሻጯ በሰከንድ መለሰች፦ "ውዴ፣ ፎቶው ላይ ሰው አይተሻል?"

አባባ ከመስኮቱ ዞረው ወንበሩን ትክ ብለው አዩት። "የቆረጡኝ ጉልበቴን ነው እንጂ ቁመቴን አላሳጠሩኝም" አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ክብርት ሚኒስትር በዚያው ዕለት አዋጅ አወጁ፦ ከእንግዲህ ፎቶው ላይ ሰው የሌለበት ዕቃ አይገዛም! ሁለተኛው ወንበር ፎቶ ላይ ሰው ነበረ። አንዲት ሴት እግሯን አጣጥፋ፣ መጽሐፍ ይዛ፣ ሕይወት የሚባለው ነገር ሁሉ የተስተካከለላት መስላ ፈገግ ብላለች። የወንበሩ ቀለም ለምለም አረንጓዴ ነው። እትዬ ከሥሩ የተጻፉትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየቶች አንድም ሳታስቀር ቁጭ ብላ አነበበች። ስጠራጠር "አስተያየቱን አንብቤዋለሁ!" ትለኛለች፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ኋላ እኔም ገብቼ አየሁት። አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ "በጣም ደስ ይላል፣ ገና አልደረሰኝም" ይላል። ሌላዋ አምስት ኮከብ ሰጥታ "ለእህቴ ነው የገዛሁት፣ ተጣልተናል" ብላለች።

ወንበሩ ሲመጣ አረንጓዴው አረንጓዴ አልነበረም፤ ከምን ጋር እንደማመሳስለው እስካሁን እያሰብኩ ነው። ሻጩ "ውድ ደንበኛችን፣ ፎቶ ሲነሳ ፀሐይ ነበር" አለ። ይሁን፣ ቀለም አያስነሳም አያስቀምጥም ብለን አባባን ለመንናቸው። እትዬ ስለለመነቻቸው እንጂ ልባቸው አልነበረም። ክንዱን ይዘው ሲቀመጡ ወንበሩ ዝም ብሎ ዞረ። ዞረና ፊታቸውን ከግድግዳው ጋር አገናኝቶ ቆመ። እንደሚሽከረከር የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። ከወንበሩ መደገፊያ ጀርባ የአባባ ድምፅ መጣ፦

"መጨረሻው ፌርማታ ነው? ልውረድ?"

ሳቃችንን እየዋጥን ይዘን አወረድናቸው። ይዘን። እሳቸውም አብረውን ሊስቁ ሞክረው ነበር፤ ግን እጄን ከብብታቸው እስካወጣ ድረስ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ነበር። በነጋታው ቁርሳቸውን መስኮቱ ጋ ቆመው በሉ።

ሚኒስትሯ በዚህ ጊዜ አዲስ ሐሳብ መጣላት፤ እሷ ሐሳብ የመጣላት ቀን እኔ ወገቤን በሻሽ አስራለሁ። ነገሩ የወንበር ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ራሱ መጠበቂያ ክፍል ስለሚመስል ነው አባባ የማይቀመጡት አለች። "ቤቱ ቤት ይሁን፤ ያን ጊዜ ልባቸውም ያርፋል።" "በልክዎ እንሠራለን" የሚል ሌላ ሱቅ ደግሞ አግኝታለች።

"በልክ! ሰማህ? ልክ ንገሩን ነው የሚሉት! ልክ ማንን ነው የሚጠይቁት? እኔን!"

እውነትም ከእሷ በላይ ማን ይለካል? ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ቤቴን እንደ ሙሽራ ለካችው። ግድግዳውን ለካች፣ የመስኮቱን ጥግ ለካች፣ ወለሉን በጉልበቷ እየዳኸች ለካች። ሁሉንም በደንበኞቿ ደብተር ላይ ጻፈችና ለሱቁ ላከች። ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ደርሻለሁ በአይሱዙ መጣ። ቁምሳጥን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ምንጣፍ። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን አስገባን።

ቁምሳጥኑ በጠባቧ መኝታ ክፍሌ ግድግዳና በበሩ መቃን መካከል ይገባል ተብሎ ነበር። ገባ፤ ግን ከመቃኑ አለፍ አለ። ከዚያ ወዲህ በሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። ወደ መኝታዬ በጎን ነው የምገባው፤ ሆዴን ስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ። መደርደሪያው ከጥጉ አልገባ ብሎ ሳሎኑ መሀል ቆመ። ምንጣፉም ግድግዳው ሥር ሲደርስ አልቆም ብሎ ሽቅብ ታጠፈ። መመለስ አይቻልም፤ በልክ የተሠራ ነው።

አናጺው ይህን ሰምቶ ሳይጠራ መጣ። ማክሰኞ እንኳ አልነበረም። የብረት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ዳኛ እየተንጎራደደ ለካ። ግድግዳው አንድ መቶ ስልሳ፤ ቁምሳጥኑ አንድ መቶ ስልሳ አራት። ጥጉ ዘጠና፤ መደርደሪያው ዘጠና አራት። ወለሉ ሦስት መቶ፤ ምንጣፉ ሦስት መቶ አራት።

"አራት!" አለ አናጺው። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። "አራት! አራት! አራት!"

"ግድግዳው ነው የጠበበው" አለች እትዬ።

የደንበኞች ደብተሯን ተቀብያት ገለጥኩ። በላይኛው መስመር "የመምህሯ ወገብ፦ 92 + 4 ለስፌት" ይላል። ዝቅ ብሎ "የጎረቤቷ ልጅ ትከሻ፦ 38 + 4 ለስፌት"። ከእሱ ዝቅ ብሎ በዚያው በንጹሕ ጽሑፏ፦ "የወንድሜ ግድግዳ፦ 160 + 4 ለስፌት"።

"እትዬ፣ ይቺ አራት ምንድን ናት?"

"ለስፌት ነዋ።"

"የምን ስፌት?"

ደብተሩን ተቀብላኝ ረጅም ጊዜ አየችው። ተኝተሽ ታንኮራፊያለሽ የተባለች ሰው ነው የመሰለችው። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ሳያማክራት ጨምሮበታል።

"ሰው ይወፍራል እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"ግድግዳ አይወፍርም፣ እትዬ።"

አናጺው በሳቅ ተንፈርፍሮ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አባባም መስኮቱ ጋ ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉም አብዝቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እትዬ ብቻ አልሳቀችም።

ሁለት ሳምንት ስልኳን አላወጣችም። ወረፋ ላይ ጎሸም የሚያደርገኝ አጣሁ። እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ የአባባን ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ መደርደሪያውን ላለማየት ዞራ ታልፋለች፣ ትሄዳለች። አባባ ደግሞ እየባሰባቸው ነበር። ከአልጋ ተነስተው መስኮቱ ጋ እስኪደርሱ ሁለት ቦታ ግድግዳ ይደገፋሉ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለውጥ ካላየ የተሽከርካሪ ወንበሩን ወረቀት እንደሚጽፍ ነገረን። ቀጠሮው ወር እንኳ አልቀረውም።

አንድ እሁድ እትዬ ሸሚዝ መተኮሱን ትታ አባባ እግር ሥር ተንበረከከች።

"አባባ፣ ሱሪ ልሰፋልዎት ነው። ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።"

"ቆሜ የለ እንዴ" አሉ አባባ።

ከጉልበት እስከ ተረከዝ ለካች። ከጫማቸው ጋር አንድ ጊዜ፣ ያለጫማቸው አንድ ጊዜ። ከዳሌ እስከ ጉልበት ለካች። እጃቸውን አሳጥፋ ከክርናቸው በታች ያለውን ለካች፤ ሱሪ ከክርን ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም ነበር። ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ግንባራቸውን ስማ ሄደች። ስልክ የሚባል ነገር አላነሳችም።

ከሃያ ቀን በኋላ፣ ለቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀር፣ አቶ ደርሻለሁ ደወለ። ፂሜን ተላጨሁ። ካርቶኑ በብብት የሚያዝ አልነበረም፤ ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። እትዬ አብራን ናት። አናጺው የአይሱዙ ድምፅ ሰምቶ መጥቷል። ካርቶኑ ሲቀደድ ከውስጡ ወንበር ወጣ። ጌጥ የለው፣ ጎማ የለው፣ አይዞር፣ አይሰምጥ። ክንዶቹ ወፍራም ናቸው። ደህና ነገር ነው ብዬ ስጠጋው ግን መቀመጫው ከፍ ያለ መሰለኝ።

አናጺው የብረት ሜትሩን ዘረጋ። "የወንበር መቀመጫ ደንቡ አርባ አምስት ነው" አለ። ለካ። ቀና ብሎ አየን። ፊቱ እንደ ልደት ኬክ በራ። "አርባ ዘጠኝ!"

ደሜ ፈላ። አሁን ሳስበው የፈላሁት በእሷ አልነበረም፤ በቀጠሮው ነው፣ በተሽከርካሪው ወንበር ነው፣ በዚያ የሶፋ ቀን ነው። አጠገቤ የነበረችው ግን እሷ ናት።

"እንደገና? እንደገና አራት?" አልኳት። "ግድግዳዬን አጠበብሽው፣ በሬን አጠበብሽው፣ አሁን ደግሞ ሽማግሌውን መሰላል ላይ ልትሰቅያቸው ነው? በቃሽ እትዬ! አንቺ የጨርቅ ሰው ነሽ፤ ጨርቅሽን ለኪ!"

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ በሁለት ጣቷ ጠቀለለችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንገቷን ባዶ ሆኖ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያችው ቅጽበት ጸጸተኝ፤ ግን አፌ ወንድ ነውና አልተመለሰም።

"ግዴለም፣ እቆርጠዋለሁ" አለ አናጺው፤ መጋዙን ከየት እንዳመጣው እንጃ። "አራቱንም እግር አራት አራት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።"

"ከማረዳችሁ በፊት ልየው እንጂ" አሉ አባባ። መቼም ለእትዬ ብለው ነው፤ ፊቷን አይተዋል። ከመስኮቱ ቀስ ብለው መጡ፣ ክንዶቹን ይዘው ዞሩ፣ ተቀመጡ። አልሰመጡም። የጫማቸው ሶል ወለሉን ነክቷል፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። አናጺው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመረ። አንድ እግር። ሁለት እግር።

መስኮቱ ደፍ ላይ ስልክ ጠራ። አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ትኬት ቆራጩ ናቸው።

አንድ ጊዜ ጠራ። እኔ ደንዝዤ ቆሜያለሁ። ሁለት ጊዜ ጠራ። "ሊዘጋብኝ ነው፣ ይሄ ችኩል!" አሉ አባባ፣ በሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ገፋ አደረጉ፣ ተነሱ፣ ሄዱ። ስልኩን አንስተው "ምን ያስቸኩልሃል፣ አውቶቡስ ያመልጥሃል?" ሲሉ ነው እኛ መተንፈስ የጀመርነው። አናጺው እርሳሱን እንደያዘ ቀርቷል። እትዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

አባባ በወሬያቸው መሀል ቀስ ብለው ዞሩ። ወንበሩን አዩ። እኛን አዩ። "ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ" አሉና ስልኩን ዘጉ፤ በዕድሜያቸው እሳቸው ቀድመው ሲዘጉ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ተመለሱና ተቀመጡ። ተነሱ። ተቀመጡ። ተነሱ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። በሰባተኛው ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን በክንዶቹ ላይ እያመላለሱ ዳበሱ። አናጺው ሥራ መፍታት ስለማይወድ መጋዙን ወደ ወንበሩ እግር አስጠጋ።

"እጅህን ሰብስብ!" አሉት አባባ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

እኔ አሁንም ነገሩን እንደ ዕድል ነበር የቆጠርኩት። ስሕተቷ በአጋጣሚ ረድቶን ነው ብዬ "እግዜር ሲያግዝ እኮ በአራት ሴንቲሜትር ያግዛል" አልኳት። እትዬ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ገልጣ ሰጠችኝ።

"ወንበር አልለካሁም" አለች። "አባባን ነው የለካሁት።"

ገጹ ላይ "አባባ" ይላል። ከሥሩ፦ "ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ ከጫማ ጋር፦ 45 + 4"። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ለስፌት" የምትጽፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ቃል ተጽፏል፦ "ለመነሻ"።

ይቅርታ በአፌ አልወጣልኝም። ቦርሳዋን ከፍቼ ሜትሩን አወጣሁና አንገቷ ላይ መልሼ አንጠለጠልኩላት። "ሙያ የለህ፣ ተገልብጧል" ብላ አስተካከለችው። እወዳታለሁ። ይህን ጽሑፍ ስልኳ ላይ እንደምታነበው፣ አንብባም አንድ ኮከብ ብቻ እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እወዳታለሁ።

ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን አባባን አይቶ ሊጽፍበት ያዘጋጀውን የተሽከርካሪ ወንበር ወረቀት ቀደደው። አሁን አባባ ወንበራቸውን መስኮቱ ጋ አስጠግተው፣ ከከፍታቸው ላይ ሆነው መንገዱን ይቆጣጠራሉ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሾፌሩ መሪ አያያዝ እንደማያውቅ ይነግሩኛል። ከዚያ ብድግ ብለው ሻይ ሊያፈሉ ይሄዳሉ። ክብርት ሚኒስትር ደግሞ ወደ ሥልጣናቸው ተመልሰዋል፤ ትናንት ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ጎሸም አድርገውኝ አንድ የራስጌ መብራት አሳይተውኛል። ፎቶው ላይ ሰው አለ።

እኔ ዛሬም መኝታ ክፍሌ የምገባው በጎን ነው። አናጺው ነገሩ እንቅልፍ ነስቶታል፤ ባገኘኝ ቁጥር "ያን ቁምሳጥን አራት ሴንቲሜትር ልቁረጥልህ እንጂ፣ መቼ ልምጣ?" ይለኛል።

"ማክሰኞ" እለዋለሁ።